«67 ነው፣ ሁሉም ኦሪጅናል» የተባለ ቮልስ፤ ክፍሎቹ ላይ ያሉት ቁጥሮች ምን ይላሉ?

ቮልስ_ፈላጊ
ሰላም የቮልስ ቤተሰቦች። አንድ ቮልስ ልገዛ ጫፍ ላይ ደርሻለሁ። ሻጩ «67 ሞዴል ነው፣ አንድ ብሎን አልተነካም» ይላል። ወንድሙ ደግሞ «ኧረ የ60 ነው፣ ሊብሬው ላይ ተጽፎ የለም እንዴ» ይላል። ሁለቱም ይምላሉ። እኔ ደግሞ ለመሐላ ብር አልከፍልም። ባትሪና ጨርቅ ይዤ ገብቼ ያገኘሁትን ቁጥር ሁሉ ለቀምኩ። ይኸው፦

ሊብሬው ላይ የተሠራበት ዘመን 1967፣ መጀመሪያ የተመዘገበው ደግሞ የካቲት 1960 ይላል።
ሻንሲ ቁጥሩ በ118 2 ይጀምራል። ቀሪውን እዚህ አላወጣም።
ሞተር ቁጥሩ በ«ኤዲ» ፊደሎች ይጀምራል።
ሁለት ቸርኬዎች ላይ «ኬፒዜድ 4ጄ × 15» እና «9 67»፣ አንዱ ላይ «8 67»፣ አንዱ ላይ «3 72» አለ። ስፔሩን ገና አላየሁም።
የፍጥነት መለኪያው ጀርባ ላይ «ቪዲኦ» እና «9.67» ይላል።
የኋላ መብራቱ ሄላ ነው። ክብ ውስጥ «ኢ1»፣ ከሥሩ ሞገድ የመሰለ መስመር፣ «ኬ» እና አምስት አኃዝ።
የፍሬን ዘይት መያዣው ፕላስቲክ ላይ ትንሽ ክብ አለ። ዙሪያውን ከ1 እስከ 12፣ መሃሉ ላይ ቀስትና 94።
የጎንና የኋላ መስታወቶቹ ሴኩሪት ናቸው። የፊተኛው ሌላ ስም ነው ያለው።

የትኛው ቀን ነው? የትኛው ዝም ብሎ ቁጥር ነው? ፍረዱኝ።

ዝም_ብለህ_ንዳ
ወንድሜ፣ ሞተሩ ይነሳል? ፍሬኑ ይይዛል? ከሆነ ግዛው። በቁጥር ማንም ነድቶ አያውቅም።

ጋሽ_ቸርኬ
ቮልስ_ፈላጊ፣ ጎበዝ ነህ። ብዙ ሰው ቀለሙን አይቶ ነው የሚገዛው።

ከሻንሲው እንጀምር። የቀረው ሁሉ የሚለካው በሱ ነው። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ቮልስዋገን ሻንሲ ቁጥሩ ውስጥ ዓመቱን አስገብቷል። 11 ማለት ቢትል፣ እኛ ቮልስ የምንለው ነው። ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉ ዓመት ነው። ያንተ 118 ነው፣ ስለዚህ 1968 ሞዴል። 117 ቢሆን 67 ይባል ነበር። ከ1970 ሞዴል ወዲህ ደግሞ ቁጥሩ ወደ አስር አኃዝ ረዝሟል፤ 110 2 እያለ ነው የሚጀምረው።

«እንግዲያው ሊብሬው ውሸቱን ነው?» እንዳትል። የፋብሪካው የሞዴል ዓመት የሚጀምረው በጃንዋሪ አይደለም። ሠራተኛው ከበጋ እረፍቱ ሲመለስ በኦገስት ነው። ከኦገስት 1967 እስከ ጁላይ 1968 የወጣው ሁሉ 68 ሞዴል ነው። ያንተ ተከታታይ ቁጥር በ2 መጀመሩ ገና የዓመቱ መግቢያ ላይ እንደተሠራ ያሳያል። ማለትም በ1967 የመጨረሻ ወራት። 67 ላይ የተሠራ 68 ሞዴል ነው። ሊብሬው ልክ ነው፤ ሻጩም «67» ሲል የተሠራበትን ዓመት ማለቱ ከሆነ ልክ ነው። ትክክለኛውን መብራትና ላስቲክ ስታዝ ግን «68» ብለህ እዘዝ።

ሊብሬ_አንባቢ
የወንድሙን «60» እኔ ልመልስ። ይሄ ነገር በየገበያው ሰው ያጣላል። ሊብሬ ላይ ሁለት ዓይነት ዓመት ጎን ለጎን ይቀመጣል። የተሠራበት ዘመን በፈረንጅ ነው፤ ከፋብሪካ ወረቀት የመጣ ነው። የተመዘገበበት ቀን በእኛ ነው። የካቲት 1960 ማለት በፈረንጅ ፌብሩዋሪ ወይም ማርች 1968 ነው። 60ን በፈረንጅ ያነበበ ሰው መኪናውን ሰባት ዓመት ያስረጀዋል፤ «አንቲክ ነው» ብሎም ዋጋ ይጨምርበታል።

ክፍሎቹ ላይ ያለው ግን ሁሌም በፈረንጅ ነው። «9 67» ሴፕቴምበር 1967 ነው። በእኛ 1960 የገባው ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1967 ነበር። ያ ቸርኬ የተመታው የኛው 59 ሲወጣ 60 ሲገባ ነው ማለት ነው። ደስ አይልም?

ቮልስ_ፈላጊ
ደስ ይላል። ግን በ67 መጨረሻ ተሠርቶ በ68 ፌብሩዋሪ ወይም ማርች ሲመዘገብ አልዘገየም?

ሊብሬ_አንባቢ
አልዘገየም። ስዊዝ ካናል ከጁን 1967 ጦርነት ጀምሮ እስከ ጁን 1975 ተዘግቶ ነበር። ከአውሮፓ ወደ ቀይ ባሕር የሚመጣ መርከብ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ ነው የሚደርሰው። ከወደብ በኋላ ደግሞ ጉምሩኩ አለ፣ የመኪና መሸጫው ግቢ አለ። ጥቂት ወር ምንም አይደለም። በዚያ ዘመን የገቡ መኪኖች ላይ በተሠራበትና በተመዘገበበት ቀን መሃል ክፍተት ስታይ አትደንግጥ።

ጋሽ_ቸርኬ
አሁን ቸርኬውና የፍጥነት መለኪያው። ኬፒዜድ ክሮንፕሪንዝ ነው፤ ለቮልስዋገን ቸርኬ ከሚሠሩት ጀርመኖች አንዱ። 4ጄ × 15 ስፋቱና ቁመቱ ነው። ከዚያ ወርና ዓመት። ቪዲኦም እንደዚያው።

ደንቡ እንዲህ ነው። ዕቃው ከመኪናው ይቀድማል። ቸርኬው ተሠርቶ፣ ተጭኖ፣ መጋዘን ገብቶ፣ ከዚያ ነው መኪናው ላይ የሚታሰረው። ስለዚህ የዕቃው ቀን ከመኪናው ቀን በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት መቅደም አለበት። ኦገስትና ሴፕቴምበር 67 የተመታ ዕቃ በ67 መጨረሻ የተሠራ መኪና ላይ ሲገኝ እሰየው ነው። ከመኪናው በኋላ የተመታ ዕቃ ደግሞ ምንም ቢያምር ቅያሪ ነው። «3 72» ያልከው ቸርኬ ያለ ክርክር ከሌላ መኪና የመጣ ነው።

አንድ ዕቃ በጣም ቀድሞ ቢገኝም ተጠራጠር። 68 ሞዴል ላይ የ63 ቪዲኦ ካየህ አንድ ሰው ከሌላ መኪና ፈትቶ አምጥቷል።

የሽቱትጋርቷ
ሰላም ሁላችሁም። እኔ የማክለው ቀን መስለው ቀን ስላልሆኑት ቁጥሮች ነው። ሰው የሚሸወደው እዚያ ነው።

ክብ ውስጥ ያለው ኢ1 የአውሮፓ ማጽደቂያ ምልክት ነው። 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን፣ 11 እንግሊዝ። መብራቱ በየት አገር እንደጸደቀ ይናገራል እንጂ መቼ እንደተሠራ አይናገርም። ሞገዱና ኬ ያለው ቁጥር የጀርመን የራሷ ማጽደቂያ ነው። ያ አምስት አኃዝ የፈቃድ ቁጥር ነው። አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ዕቃው ለዓመታት በዚያው ቁጥር ይሠራል። በ«67» ቢጨርስም ዓመተ ምሕረት ብላችሁ እንዳታነቡት።

የቮልስዋገን የዕቃ ቁጥርም ቀን አይደለም፤ ግን ብዙ ይናገራል። ዘጠኝ አኃዝ ነው፣ ሦስት ሦስት ሆኖ ይነበባል። መጀመሪያው ዕቃው ለየትኛው መኪና እንደተነደፈ ነው፤ 111 ወይም 113 ካለ ቢትል፣ 211 ካለ ያ ሚኒባሱ። የመካከለኛው ሦስት መጀመሪያ ወገኑን ይለያል፦ 1 ሞተር፣ 3 ካምቢዮ፣ 4 የፊት አክሰል፣ 6 ጎማና ፍሬን፣ 8 ቦዲ፣ 9 ኤሌክትሪክ። 945 የኋላ መብራት ነው። ግራና ቀኝ ያለው ዕቃ ከሆነ መጨረሻው ጎዶሎ የግራ፣ ሙሉ የቀኝ ነው። ከቁጥሩ በኋላ ፊደል ካለ ዕቃው ተሻሽሏል ማለት ነው። 211 የተጻፈበት ዕቃ ቢትል ላይ ብታገኙ የግድ ስህተት አይደለም፤ ፋብሪካው አንዱን ዕቃ ለብዙ ሞዴል ይጠቀምበት ነበር።

ቦሽም የራሱ አለው። በ0 221 የሚጀምር ኮይል፣ በ0 231 የሚጀምር ዲስትሪቢዩተር፣ በ0 001 የሚጀምር ሞተሪኖ ነው። አስሩም አኃዝ የዕቃው መለያ ነው። ውስጡ ቀን አትፈልጉ።

ቮልስ_ፈላጊ
እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። እኔ እኮ ያን የኬ ቁጥር ዓመት አድርጌ ለመተርጎም ስታገል ነበር። ያ ሰዓት የመሰለውስ? 94 ያለበት?

የሽቱትጋርቷ
እሱ ንጹህ ቀን ነው። ፕላስቲክ ሲቀረጽ ቅርጹ ላይ የምትገባ ትንሽ ክብ ብረት አለች። መሃሏ ዓመት፣ ዙሪያዋ ወራት። ቀስቱ የቆመበት ቁጥር ወሩ ነው። በየወሩ ቀስቷን በመፍቻ ያዞሯታል፣ በዓመቱ መሃሏን ይቀይራሉ። ከሁሉም ምልክት የማምናት እሷን ነው፤ የሚፍቃት የለምና።

ስለዚህ የፍሬን ዘይት መያዣህ 1994 የተሠራ ነው። አይግረምህ። ጀርመን ውስጥ የተራው ቢትል (ጣሪያው የማይከፈተው) ሥራ በጃንዋሪ 1978 ኤምደን ላይ ቆመ እንጂ ሜክሲኮ እስከ ጁላይ 2003 ትሠራው ነበር። ብራዚልም በ1986 አቁማ ከ1993 እስከ 1996 ተመልሳበታለች። የ94 ዕቃ ያኔ ትኩስ የፋብሪካ ዕቃ ነበር።

ጋሽ_ቸርኬ
እውነቷን ነው። ሶማሌ ተራ ውስጥ ስትዞር «ኢንዱስትሪያ ብራዚሌራ» የሚል የብረት ዕቃ አይጠፋም። ደህና ዕቃ ነው። ኦሪጅናል የ67 ነው ብለው ሲሸጡልህ ግን ዓይንህን ግለጥ። ፍሬን ላይ ደግሞ የ94ቱ መያዣ ከ67ቱ ይሻልሃል፤ ያረጀ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። ፍሬን ላይ ኦሪጅናል የሚባል ፍቅር የለም።

ላንድክሩዘር_ብቻ
የኔ ላንድክሩዘር ላይስ ቀኑ የት ነው የሚገኘው?

ሊብሬ_አንባቢ
ሌላ ክር ክፈት ወዳጄ። ይሄ የቮልስ ሰፈር ነው።

የአሌክሳንድሪያው
ከቨርጂኒያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የኔ 117 ነው፤ በ67 መጀመሪያ ላይ ለአሜሪካ የተሠራ። ስለ ፊት መብራት አንድ ነገር ልበል፣ ቁጥር ሳያነቡም ዘመን መለየት ይቻላልና። ለአሜሪካ የሚላከው 67 ሞዴል ቀድሞ ቀጥ ያለ የፊት መብራትና 12 ቮልት አግኝቷል። ለሌላው ዓለም ግን ቀጥ ያለው መብራት ከኦገስት 1967 ወዲህ ነው። ባለ 1200 ሞተሩ ቮልስ ደግሞ በድሮው የተጋደመ መብራት ብዙ ዓመት ቀጥሏል። ያንተ 118 ከሆነና 1200 ካልሆነ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ነው?

መስታወት ላይም እዚህ አገር የሚሳሳቱት አለ። «ዶት» ብሎ የሚከተለው ቁጥር አምራቹን ነው የሚለየው። ኤኤስ1 ደግሞ የፊት መስታወት የሚሆነውን ደረጃ ነው የሚያመለክተው። ሁለቱም ቀን አይደሉም። ጎማ ላይ ሲሆን ግን ዶት ብሎ በሚጀምረው ረድፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ ከ2000 ወዲህ። ሦስት አኃዝ ብቻ ካየህ ጎማው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ያን ጎማ ለጌጥ እንኳ አታቆየው።

ቮልስ_ፈላጊ
አዎ ቀጥ ያለ ነው። ፓራብሬዛው ግን?

የሽቱትጋርቷ
ሴኩሪት እና ሲግላ የአንድ ቤት ስሞች ናቸው። ሴኩሪት በሙቀት የጠነከረው ነው፤ ሲሰበር ፍርክስክስ ይላል። ሲግላ ሁለት መስታወት መሃሉ ላይ ፊልም ያለበት ነው። ፊተኛው ሲግላ ቢሆን ምንም አይደል፣ ከፋብሪካ እንደዚያ ታዞ ሊመጣ ይችላል። ሌላ ስም ካለው ተቀይሯል። በአዲስ አበባ መንገድ ስልሳ ዓመት ለሚጠጋ መኪና ይሄ ኃጢአት አይደለም።

ጋሽ_ቸርኬ
ዋናው ጉድ ሞተሩ ጋ ነው፤ ሁላችሁም ዘላችሁታል። ኤዲ የ1600 ሞተር ፊደል ነው፣ 50 ፈረስ ያለው፣ ከኦገስት 1970 ወዲህ የመጣ። ዲ ያለው 1200፣ ኤፍ ያለው 1300፣ ኤች ያለው 1500 ነው። 118 ሻንሲ ላይ ኤዲ ከፋብሪካ ሊቀመጥ አይችልም። ሞተሩ ከመኪናው ወደ ሦስት ዓመት ያንሳል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ።

ልጄ፣ ሁለት ነገር አድርግ። መጀመሪያ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ሞተር ቁጥር በምን ፊደል እንደሚጀምር እይ። ሁለተኛ፣ መኪናው ሥር ግባና የሞተሩን ሆድ ተመልከት። የዘይት ግፊት መልቀቂያው መዝጊያ አውራ ጣት የሚያክል ብሎን ነው፣ በጠፍጣፋ ካቻቪት የሚፈታ። አንድ ካለ የድሮው ብሎክ ነው። ሁለት ካሉ፣ አንዱ ወደ ፑሌጃው፣ አንዱ ወደ ቮላኖው፣ ከኦገስት 1969 ወዲህ የተሠራ ብሎክ ነው። ቁጥር በመዶሻ ሊመታ ይችላል። ሁለተኛዋን ብሎን ግን ማንም በመዶሻ አይጨምራትም።

ዝም_ብለህ_ንዳ
1600 ከሆነማ ጥሩ ነው እንጂ! ጉልበት ጨመረ። ምን ያስለቅሳል?

ጋሽ_ቸርኬ
ማን አለቀሰ? ሞተሩ ጥሩ ነው። እኔም ብሆን ለእንጦጦ ዳገት 1600ውን ነው የምመርጠው። ነገር ግን ሊብሬው ላይ አንድ ቁጥር፣ ሞተሩ ላይ ሌላ ቁጥር ከሆነ ስም ሲዞር ይቆማል። ያኔ ሻጩ ስልክ አያነሳም። ሁለተኛ፣ «አንድ ብሎን አልተነካም» የተባለበትን ዋጋ ነው የሚከፍለው። ሦስተኛ፣ ፋሻና ፒስተን ሲገዛ ለ1500 ብሎ ከሄደ ተመልሶ ይመጣል።

ቮልስ_ፈላጊ
ሊብሬው ላይ በኤች ይጀምራል!! ጋሼ፣ እጅዎን ይስጡኝ። ሥሩ ነገ እገባለሁ። የሞተሩ ቁጥር ግን ሁለት አኃዞቹ በዘይትና በአቧራ ተሞልተው በደንብ አይነበቡም። በብርጭቆ ወረቀት ልሞክረው?

ጋሽ_ቸርኬ
በፍጹም! ብርጭቆ ወረቀት፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ሞላ አታስጠጋ። ሞተሩም ሻንሲውም ላይ። የተፋቀ ቁጥር ያየ መርማሪ «ማን ፋቀው?» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ባለቤቱ ደግሞ አንተ ነህ።

እንዲህ አድርግ። ቁጥሩ የሚገኘው ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር፣ ብሎኩ ላይ ነው። የቆየ የጥርስ ብሩሽ ነጭ ጋዝ ውስጥ ንከርና ቀስ እያልክ አጥበው። በጨርቅ አድርቀው። ከዚያ ነጭ ጠመኔ አግድም ጥረግበትና ላዩን ብቻ በጣትህ አብስ። ጠመኔው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፣ አኃዙ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የስልክህን መብራት ፊት ለፊት አታብራ፣ ሁሉንም ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ከጎን ዝቅ አድርገህ አብራ፤ ጥላው ነው የሚያስነብብህ። ሻንሲው ከኋላ ወንበር ሥር መሃሉ ላይ ባለው ጉብታ ነው። እዚያ ቀለም ከተደራረበበት ስስ ወረቀት ጣልና በእርሳስ ጎን ቀስ ብለህ ቀባው። ፊት ኮፋኖ ሥር ካለችው ሰሌዳ ጋር አመሳክር። ሁለቱ ካልተስማሙ ብርህን ኪስህ ከተህ ውጣ።

አኃዞቹ እኩል ጥልቀት ያላቸው፣ በአንድ መስመር የቆሙ ከሆኑ ደህና ነው። አንዱ ዘመም ካለ፣ ወይም ከሥሩ የሌላ አኃዝ ጥላ ካለ፣ ፎቶ አንሳና እዚህ ለጥፍ፤ ቁጥሩን ግማሹን ሸፍነህ።

የአሌክሳንድሪያው
ጋሼ፣ ካምቢዮውስ? የኔ ላይ ፊደሎችና ተራ ቁጥር አሉ።

ጋሽ_ቸርኬ
የሰባዎቹ ካምቢዮ ላይ ሁለት ፊደል፣ ከዚያ ቀን፣ ወር፣ እና የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ብቻ ይመታል። 15 05 2 ቢል ሜይ 15 ነው፤ ዓመቱ 72 ይሁን 82 አኃዙ አይነግርህም። ፊደሎቹንና የካምቢዮውን አሠራር አይተህ ነው አስርቱን የምትለየው። ያንተ 67 ስለሆነ በዚህ አታንብበው፤ የድሮዎቹ ተከታታይ ቁጥር ናቸው።

የሽቱትጋርቷ
ሻንሲው ንጹህ ከሆነ ቮልፍስቡርግ መጻፍም ይቻላል። ከፋብሪካው መዝገብ በሻንሲ ቁጥር የልደት የምስክር ወረቀት የሚመስል ነገር በክፍያ ይሰጣሉ። የተሠራበት ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሙ፣ የተላከበት አገር ይጻፍበታል። ከገዛኸው በኋላ ግን፤ ገና ላልያዝከው መኪና ገንዘብ አታውጣ።

ቮልስ_ፈላጊ
ዛሬ ገባሁበት። ሁለት መዝጊያ አለው፣ ጋሼ እንዳሉት አንዱ በፊት አንዱ በኋላ። የሞተሩ ቁጥር በጠመኔ ወጣ፤ ንጹህ ኤዲ ነው፣ ያልተነካ። ሻንሲውና ሰሌዳው አንድ ናቸው። ስፔሩ ላይ ኮፓ ስለሌለ ወዲያው ታየ፣ «9 67»። 

ለሻጩ በሰላም አሳየሁት። መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ወንድሙ «አባባ ሞተሩን ያስቀየሩት እኛ ልጅ ሆነን ነው እኮ» አለ። ሻጩ ዝም። አሁን የተስማማነው፣ ሞተሩን ሊብሬው ላይ እሱ አስተካክሎ ያስገባል፤ ቀብድ የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ዋጋውም ወርዷል፣ ስንት እንደሆነ ግን እዚህ አልጽፍም፣ እሱም ያነባል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ስፔሩን ወደ እግር ላውርደውና የ72ቱን ስፔር ላድርገው ወይስ ሌላ የ67 ቸርኬ ልፈልግ?

ዝም_ብለህ_ንዳ
አውርደው። አምስተኛው ኮፋኖ ሥር ነው፣ ማን ያየዋል?

ጋሽ_ቸርኬ
እሱ እንዳለው አድርግ፤ በዚህ እንኳ ተስማማን። ግን ከማሰርህ በፊት ስፔሩን አጥበህ በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ እንዳለው እይ፣ የቀዳዳው ጠርዝም እንዳልሰፋ። ብዙ ዓመት ተኝቶ የከረመ ቸርኬ ውስጡ ዝገት ይይዛል፤ ጎማውን አስፈትተህ ተመልከተው። ደህና ካልሆነ ሶማሌ ተራ አብረን እንሄዳለን። ባለ አራት ብሎን ኬፒዜድ የተደረደረበት አንድ ሱቅ አውቃለሁ፤ ባለቤቱ ቀኑን አያነብም፣ ሁሉንም በአንድ ዋጋ ነው የሚሸጠው።